ማንም ያልጨረሰው መጽሐፍ

በሩ እንደገና እምቢ አለ። ከውጭ ያለው ሰው መጀመሪያ በእጁ ገፋ፣ ቀጥሎ በትከሻው፣ ከዚያ እያጉረመረመ በእርግጫ። ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቁመው ወደ በሩ ዞሩ። ቀጥለው፣ ያላዩ እየመሰሉ፣ ወደ አናጺው ዞሩ።

አናጺው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። የመስኮቱ ብርሃን የማይደርስበት ጥግ ይዞ፣ ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ቀብሮ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚንሾካሾክ ሲከታተል ነው የሚውለው። ሰዎቹ ለምን እንዳዩት ገብቶታል። ይህን በር የሠራው እሱ ነው። ያኔ ሙያውም ለጋ ነበር፣ እንጨቱም ለጋ። ሳይደርቅ የተሠራ በር ዝናብ በመጣ ቁጥር ያብጥና መቃኑን ነክሶ ይይዛል። መያዣውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ለሚገባ መግፋት፣ ለሚወጣ መሳብ ነው። ይህን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ወንድሙ ሌላ በር ማስገባት እየቻለ ይህን ሁሉ ዓመት አልቀየረውም። አናጺው ምክንያቱን ያውቃል፤ ለመጣ ለሄደው እያሳየ ሊስቅበት ነዋ!

"ወደ ላይ አንሳው እንጂ!" አክስታቸው ከአግዳሚው ላይ ጮኹ። "አንሳና ግፋ! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልትዘርፈን ነው ወይስ ልታለቅስ የመጣኸው?"

በሩ ተንቋቋና ተከፈተ። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ከግንባሩ ውሃ ይንጠባጠባል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ያጽናችሁ" አለ። አክስት አጠገብ ቦታ ካገኘ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እንደ መጽሐፉ ሆነ እኮ። ውጭው ዝናብ፣ በሩ አልከፈት ባይ።"

ሳቅ ከአንዳንዱ አፍንጫ አመለጠ። ወዲያው በሳል ተሸፈነ።

የተቀመጡበት አግዳሚም ያው መጽሐፉ ነው። ሟች የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በዕድሜው አንድ መጽሐፍ ጻፈ፣ አስፈሪ ልብ ወለድ፤ የገዛው እምብዛም የለም። ያልተሸጠው በሙሉ በካርቶን ታስሮ ወደዚሁ ቤት ተመለሰና አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ላይ ተቆለለ። ሐዘን ሲመጣና ወንበር ሲያንስ፣ አንድ ብልህ ሰው መጽሐፉን ግራና ቀኝ ደርድሮ ሳንቃ አጋደመበት። ሊያነበው ያልፈለገው ሕዝብ በመጨረሻ ተቀመጠበት። አናጺው ይህን ባየ ጊዜ ደስ ሊለው ፈለገ፤ እንዳሰበው ግን አላለውም።

"ነፍሱን ይማርና" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ "እኔ ሁለተኛው ሰው ሲጠፋ ተውኩት። አስፈሪ ተብሎ አንዲት ጠብታ ደም የለበትም! መንፈሱ ደግሞ ያስላል። የሚያስል መንፈስ ማን ይፈራል? ሽሮፕ ስጡት ነው የሚያሰኘው።"

"አንተስ ሩቅ ሄደሃል" አሉ አክስት፣ የቡናውን ስኒ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። "እኔ መጋረጃው ላይ ነው ያቆምኩት። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ አንድ ነገር ከኋላው አለ፣ እኔ ጉሮሮዬን ይዣለሁ። እሱ መጋረጃውን መግለጽ ጀመረ። ገለጥኩ፣ መጋረጃ። ገለጥኩ፣ አሁንም መጋረጃ። ልብስ ሰፊ ሊሆን የነበረ ልጅ ነው ብዬ ተውኩት።"

"ገዳዩ ግን ያስታውቃል። ያ አናጺ ነዋ። አራት ጣት ያለው፣ ከሰው ጋር የማያወራው..."

ፀጉር አስተካካዩ ምላሱን የነከሰው ዘግይቶ ነው። አክስት በክርናቸው ጎሰሙት።

"ጨርሰኸዋል?" አለ አናጺው ከጥጉ።

"ምኑን?"

"መጽሐፉን።"

"ኧረ እኔ... ማን ይጨርሰዋል።"

"ታዲያ ገዳዩን ማን ነገረህ?"

"ሰው ሲል ነው የሰማሁት።"

"የቱ ሰው?"

"አንተ ልጅ፣ ተወው" አሉ አክስት። "የቀበርነው ወንድምህን ነው እንጂ መጽሐፉን አይደለም።"

አናጺው ዝም አለ። ዝም ሲል ተወው ማለት እንዳልሆነ የሚያውቁት ያውቃሉ። የቱ ሰው እንዳለው እሱ ራሱ ይደርስበታል።

እሱም እስከ መጨረሻው አላነበበውም። ነገሩ፣ ሰው እንደሚያወራው፣ ሰባት የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው፣ ዝናብ ሸሽተው አንድ ብቸኛ ቤት ስለመግባታቸው ነው። በሩ ከኋላቸው ይዘጋል፤ ቢሉት ቢሠሩት አይከፈትም። በየጠዋቱ አንድ ሰው ይጎድላል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የመሣሪያ ሳጥን ተሸክሞ በሦስተኛው ገጽ ይገባል፤ ግራ እጁ ላይ ሌባ ጣት የለውም፤ ስሙም "ባለአራት" ነው። አናጺው እዚያ ደርሶ ዘጋው። ባለአራት የሱ ቅጽል ስም ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። ወንድሙ ግን አንድ ቀን እንኳ በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ "ታናሼ" ነበር የሚለው። በአፉ ሳይለው ቆይቶ በወረቀት አተመው።

"ጣቴን ሸጠው" ይል ነበር ለደንበኞቹ ሁሉ። "በሬንም ጨምሮ ሸጠው። እሱም ገዢ አጣ እንጂ።"

ጣቱ የሄደው ደግሞ በማን ምክንያት ነው? በሱው። ያኔ ሁለቱም ወጣት ሳሉ፣ ታላቁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ እንጨት ሥራው ይመጣና ፍቅፋቂው ክምር ላይ ቁጭ ብሎ የጻፈውን ያነብ ነበር። ታናሹ ከትምህርት የቀረው ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ መማሪያ ገንዘብ ስላልበቃ ነው፤ ማን ይቅር እንደተባለ መጠየቅም አያስፈልግም። ግን ማዳመጥ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ታላቁ ስለሚያስነጥስ መንፈስ አነበበለት። ታናሹ ከት ብሎ ስቆ ቀና አለ፤ መጋዙ ግን ቀና አላለም። ታላቁ ሲያነበው የነበረውን ወረቀት በታናሹ እጅ ላይ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞት ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጣቱ አንድ ቃል አልተናገረም። አንብቦለትም አያውቅም። አናጺው ነገሩን ሲያብላላው ኖሮ የደረሰበት ይህ ነው፦ የተማሩ አዳማጮች አግኝቷል፣ እኔን ምን ያደርገኛል።

ለዚህም ማስረጃ አለው። ወንድሙ ይህን ቤት ሲገባ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ጠርቶ ነበር። አንዱ ባለ ክራባት አናጺውን አየና "እሳቸው ማን ናቸው?" አለ። ወንድሙ ብርጭቆ እየቀዳ፣ "በሩን የሠራልን ልጅ ነው" አለ። ወንድሜ ነው አላለም። በሩን የሠራልን ልጅ! አናጺው ያን ቀን የበላው ሆዱ ውስጥ እስካሁን አለ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባሰበት። ማንም መሄድ አልቻለም፣ የመጣም ሰው የለም። ሰው ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ እርጥብ ኮት ሸተተ። አናጺው አንድ ነገር ልብ አለ፦ የመጽሐፉ አሳታሚ ከመቀመጫው የለም።

አሳታሚው ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ጫማው ጭቃ አልነካውም። ሲገባ ማልቀሱን ሳይሆን ማንን ማነጋገር እንዳለበት ሲያስብ ነበር። አሁን የሱ ወንበር ባዶ ነው፤ የሟች ሚስትም ሳሎን ውስጥ አትታይም። አናጺው ውሃ እንደሚፈልግ ሰው ተነስቶ ወደ ኩሽናው ሄደ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ።

"የምንቀይረው መጨረሻውን ብቻ ነው" ይላል አሳታሚው በሹክሹክታ። "ሰው ሲሞት ይነበባል። አሁን ነው ጊዜው። ገዳዩ አናጺው ይሁን፤ መጽሐፉ ይድናል።"

"ቀስ ይበሉ" አለች እሷ። "እዚያ ተቀምጧል። እንዳይሰማ።"

አናጺው መጋረጃውን ገለጠው።

"ሰምቻለሁ።"

የወንድሙ ሚስት ስኒ እያጠበች ነበር። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። አሳታሚው ኮሌታውን አስተካከለ።

"እትዬ፣ አንቺም?" አለ አናጺው። "ባልሽ የሸጠው አንሶ፣ አንቺ ደግሞ ቀሪውን ልትሸጪ? ገዳዩ አናጺው ይሁን! እስካሁንስ ምን ነበር?"

"እስካሁንማ ማንም አይደለም!" አለ አሳታሚው፣ የመጣበትን ረስቶ። "ችግሩ እኮ እሱ ነው!" ከዚያ አተኩሮ አየው። "ቆይ፣ አላነበቡትም እንዴ? ወንድሙ አይደሉም?"

"ያነበበው ማን ነው?"

"እኔ አንብቤዋለሁ። ወድጄ መሰለዎት? ሥራዬ ነው።" አሳታሚው ጣቱን ዘረጋና እየቆጠረ ይመስል አየር ላይ አንቀሳቀሰው። "ሰባት ሰው ቤት ይገባል። በየጠዋቱ አንድ ይጎድላል። አንባቢ ምን ይጠብቃል? ሬሳ። ምድር ቤት። የቤቱ ባለቤት እብድ። ቢያንስ አንድ መጥረቢያ! አለ? የለም። ማንም አልሞተም! አናጺው ነው የሚያስወጣቸው።"

"የት ነው የሚያስወጣቸው?"

"ወደ ውጭ ነዋ! በሩ መቼ ተቆለፈ? ዝናብ አሳብጦት ነው። አከፋፈቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሲተኛ አንድ ሰው ይቀሰቅሳል፣ በሩን አንስቶ ይስባል፣ ያስወጣዋል። መጽሐፍ ሙሉ አንቀጥቅጦን አንቀጥቅጦን፣ ያበጠ በር ሆኖ ቁጭ! ገዢዎች ሱቄ ድረስ መጥተው ነው የሰደቡኝ።"

አናጺው ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ሲጨበጥ ተሰማው። ይህ ሰውዬ እያታለለኝ ይሆን? ምን ፈልጎ ነው?

"ውሸት ነው" አለ። "አከፋፈቱን ካወቀ ለምን ለሁሉም አይነግራቸውም? ሁሉም አንድ ላይ አይወጡም?"

"ይባረኩ! ይህንኑ ነው የጠየቅኩት!" አሳታሚው እጆቹን ዘረጋ። "ምን አለኝ መሰለዎት? 'አኩርፎ ነው' አለኝ።"

"ምን?"

"አኩርፎ! ገና ሲሳፈሩ አንዱ ጸሐፊ ሰው ፊት ያዋርደዋል። አብራችሁ ናችሁ ወይ ሲባል፣ 'አላውቀውም፣ እንጨት ሠሪ መሰለኝ' ይላል። አናጺው ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር ቃል አይለዋወጥም። ግን ትቷቸው መሄድም አይሆንለትም። እንግዲህ ዝም እንዳለ አንድ አንዱን ያወጣል። በኩርፊያ ላይ የቆመ አስፈሪ ታሪክ አይተው ያውቃሉ? 'እንዲህ ያለ ሰው የለም' አልኩት። 'አለ፣ አውቀዋለሁ' አለኝ። 'እሺ፣ ገዳይ አድርገውና ይለቅልን፣ ምልክቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው' አልኩት። ዓመት ለመንኩት። 'መጽሐፉ ይውደቅ' አለኝ። ወደቀ።"

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

"ጨርሰው ብሎህ ነበር" አለች የወንድሙ ሚስት፣ ስኒውን አንስታ በፎጣ እየጠረገች። "ስሰጥህ ነግሬሃለሁ። 'እስከ መጨረሻው ያንብበው' ብሏል አልኩህ። 'ያነበብኩት ይበቃኛል' አልከኝ። ያንኑ ነገርኩት።"

"እሱ ራሱ ለምን አልነገረኝም?"

"አልመጣም?"

መጥቷል። አናጺው ያን ቀን ማሽኑን አብርቶ ሳንቃ ሲልግ ነበር። ወንድሙ ደጃፉ ላይ ቆመ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። የማሽኑ ማጥፊያ እጁ ሥር ነበር። አላጠፋውም። ሳንቃውን ላገው፤ መለሰና ላገው፤ ለጠረጴዛ የታሰበው ሳንቃ ለምንም የማይሆን ስስ እስኪሆን ላገው። ወንድሙ በአቧራው ውስጥ እያሳለ ጥቂት ቆየና ሄደ። አናጺው ቀና ሲል ደጃፉ ላይ ያለው ብርሃን ብቻ ነበር። ሲያስታውሰው ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር፦ ይምጣና ይለምነኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ነው? ሁለተኛ ግን አልመጣም፤ ሳሉ ጠናበት፣ ከአልጋ ዋለ።

አሁንም ግን አላመነም። አሳታሚ ማለት ወሬ ሸጦ የሚያድር ነው፤ እትዬም ብትሆን የባሏን ስም ለማሳመር ምን አይላትም? ከኩሽናው ወጥቶ በቀጥታ ወደ አግዳሚው ሄደ።

"ይነሱልኝ፣ አክስቴ።"

"ምን ሆንክ?"

"መጽሐፍ ላወጣ ነው።"

"ከሥሬ? ከዚህ ሁሉ ቤት?" አክስት ዙሪያውን ምስክር ፈለጉ። "ስንት ጊዜ ሳይነበብ የኖረ እኔ ስቀመጥበት አማረህ?"

ከላይ ያለውን ሳብ ሲያደርግ ሳንቃው አዘነበለ፤ ፀጉር አስተካካዩ ስኒውን ይዞ በአክስት ላይ ተንሸራተተ። "ቤቱ ያዘን!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። አናጺው አልሳቀም። መጽሐፉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ወንድሙ መኝታ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ።

አልጋው ተነጥፏል። ትራሱ መሐሉ ላይ አሁንም ጎድጓዳ ነው። አናጺው አልጋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ከኋላ ጀመረ። ማንበብ አይፈጥንለትም፤ በመስመሩ ሥር ጣቱን እየጎተተ፣ ረዥሙን ቃል እየከፈለ ነው የሚሄደው። የሚያስለው መንፈስ አለ። መጋረጃው አለ፣ አሁንም ብዙ ነው። መጥፎ መጽሐፍ ነው። ይህን ለመናገር መማር አያስፈልግም። ሰውዬው እንኳን ሌላውን ራሱንም ማስፈራራት አልሆነለትም።

በመጨረሻው ገጽ ግን አሳታሚው ያልነገረው ነበር። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ያ "አላውቀውም" ያለው ጸሐፊ። ባለአራት በሩን አንስቶ ስቧል፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል። በግራ እጁ በሩን ይዞ ቆሟል። ጸሐፊው ከጨለማው ውስጥ ያየዋል፤ ሊወጣ ይፈልጋል፤ ምን ብሎ በፊቱ እንደሚያልፍ ግን አያውቅም። ባለአራት አይጠራውም። አይዘጋውምም። መጽሐፉ እዚያ ያልቃል። ይውጣ አይውጣ አልተጻፈም።

አናጺው ሌላ ወረቀት ካለ ብሎ ገለጠ። የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ብቻ ነበር። ተመልሶ ያንኑ ገጽ አነበበ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ጣቱን መጎተት አላስፈለገውም።

ሲወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ገና ብርሃን ነው። ለቀስተኞቹ ኮታቸውን እየለበሱ ይነሳሉ። አሳታሚው በሩ አጠገብ ከመያዣው ጋር ይታገላል፤ ፊቱ ቀልቷል።

"አይቀየርም" አለው አናጺው።

"እንዴ፣ ያስቡበት እንጂ። ለቤተሰቡም..."

"አይቀየርም አልኩ። እንደወደቀ ይቀመጥ።"

አሳታሚው ወደ ሟች ሚስት ዞረ። እሷ ትከሻዋን ሰበቀች። "እኔም ያልኩዎት ይህንኑ ነው። አልሰሙኝም እንጂ።"

"እንግዲያው ቢያንስ በሩን ይክፈቱልኝ!" አለ አሳታሚው።

"በሩን ቀይሪው እያልኩ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ" አሉ አክስት ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ።

"ልቀይረው ስል እሱ መቼ አስነክቶኝ" አለች የሟች ሚስት። "አናጺ ጠርቼ አባሮብኛል። 'የወንድሜን በር?' ብሎ።"

አናጺው ሰማ። ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ። ለቀስተኞቹ ገለል አሉለት። መያዣውን በአራቱ ጣቶቹ ጨበጠ፣ ወደ ላይ አነሳው፣ ሳበው። በሩ መቃኑን ለቀቀ። የረጠበ አፈር ሽታ ገባ።

አሳታሚው በጫማው ጫፍ ኩሬ እየዘለለ ሄደ። ሌሎቹ ተከተሉት፤ እያንዳንዱ ሲያልፍ "ያጽናህ" ይለዋል፤ እሱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፉ ላይ ቆም አለ።

"ጨረስከው እንዴ?"

"ጨረስኩት።"

"ታዲያ ማነው ገዳዩ?"

"ሄደህ አንብብ።"

አክስት መጨረሻ ወጡ። ሲያልፉ አራቱን ጣቶች በመዳፋቸው ያዝ አድርገው ለቀቁ።

ቤቱ ባዶ ሆነ። የሟች ሚስት ስኒዎቹን ከየወንበሩ ሥር ለቀመች፣ ሳንቃውን አስተካከለች፣ ቀና ስትል ነፋሱ ቀሚሷን ነካው። አናጺው አሁንም በሩን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ደጃፍ።

"ዝጋው እንጂ" አለች። "ብርድ ገባ። ሁሉም ወጥቷል እኮ።"

"ትንሽ ቆዪ፣ እትዬ" አለ።

ሄዳ መብራቱን አበራች። እሱ ጎኑን ወደ መቃኑ አስጠጋ፤ ለአንድ ሰው መውጫ የሚሆን ያህል።